ልቅሶ ተቀባይ

የበርበሬ ወቅት ሲገባ ቡሬ ገበያ ውስጥ ሳያስነጥስ የሚወጣ ሰው የለም። ቀዩ ዛላ በየሸራው ላይ ተከምሮ ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ከመነኸሪያው ጀምሮ ይቀበላችኋል። ባለፈው ቅዳሜ እኔም የነጠላዬን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ፣ የዓመት በርበሬዬን ልሸምት ከሸራ ወደ ሸራ ስዞር፣ በሽንኩርት ተራ በኩል ስመኝን አየኋት። ስመኝ የአንዲት የድሮ ታካሚዬ ልጅ ናት። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ዛሬ ጸጉሯ ገብስማ ሆኗል፣ ቡሬ ውስጥ ቅመማ ቅመም ትነግዳለች፣ እኔንም እንደ አክስት ትጠይቀኛለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነበር የለበሰችው። በአገራችን ነጠላ እንዲያ የሚለበሰው ሐዘን ሲኖር ነው። "ማን ሞቶባት ይሆን" ብዬ ደንግጬ እጄን ሳነሳ እሷም አየችኝ። ፊቷን አዞረች፣ ነጠላዋን በጥድፊያ ገልብጣ ጥለቱን ወደ ታች አወረደችው፣ ከዚያ እየሳቀች ወደ እኔ መጣች።

"እትየ ትርንጎ! እንደምን ሰነበቱ? ግፊትዎ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው። አንቺ ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ኧረ ማንም! ነጠላው ቆሽሾብኝ ገልብጨው ነው እንጅ።"

ዛላውን ራሷ መረጠችልኝ፣ ከነጋዴው ጋር ተጨቃጨቀችልኝ፣ ዘንቢሌንም እስከ ባጃጁ ተሸከመችልኝ። ዓይኔን ግን አንድ ጊዜም አላየችም።

ነጠላ ለማን ሲባል እንደሚቃና አውቃለሁ። በእኛ አገር ሐዘን የሚደበቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ መርዶ ገና ካልተነገረው ከባለቤቱ። አገር ሁሉ አልቅሶ፣ ቀብሮ፣ ንፍሮ ቀምሶ ሲያበቃ፣ እሱ ፊት ሲደርስ ይስቃል። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አንድ በአንድ ገጣጠምኩት። ታላቅ እህቴ አበቡ ከእንጅባራ በላይ ባለው የትውልድ መንደራችን ነው የምትኖረው። መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ እየሆነ መገናኘት ብርቅ ስለሆነብን፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በስልክ እናወራ ነበር፤ በአገውኛ። ቡሬ የነበሩት የአገሬ ሰዎች አንድም ሞተው አንድም ተበትነው ካለቁ ወዲህ በአገውኛ የሚያናግረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ሰሞኑን ስልኳ አይነሳም። ምራቷ "ኔትወርክ የለም" ትለኛለች፣ ያውም ጥርት ባለ ድምፅ። ባሕር ዳር የሚሠራው ልጄ ዳዊት ለበዓል ካልሆነ የማይደውለው፣ አሁን ጧትና ማታ "እማ፣ ግፊትሽን ተለካሽ?" ይለኛል። ጎረቤቴ ውብዓለም ደግሞ በቀደም ሳላስበው ገብታ "ባትሪው ያልቅብሻል" ብላ ዘፈን የከፈትኩበትን ሬዲዮ ዘጋችው። ሬዲዮኔ በመብራት ነው የሚሠራው።

ይህን ሁሉ አውቄ አልጠየቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን "ጠይቂ፣ ተናገሪ፣ በሆድሽ አትያዢው" ስል የኖርኩ ሴት፣ ቤቴ ገብቼ በርበሬዬን አሰጣሁ። እያሰጣሁም የማስበው ስለ እህቴ አልነበረም፤ ስለሷ ማሰቡን ፈርቼዋለሁ። የማስበው የስመኝን እናት ማንጠግቦሽን ነበር።

ፍኖተ ሰላምን ያኔ ሽማግሌዎቹ ገና ወጀት ነበር የሚሏት። እኔ ከቡሬ በጠዋቱ መኪና እሄድ ነበር፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም!" ሲል፣ እኛ ከዶሮውና ከማር እንስራው ጋር ተጣብቀን። የመሳፈሪያው ዋጋ ዛሬ ለልጅ ከረሜላ አይገዛም። ስወርድ የጋሪ ፈረሶች ባሕር ዛፉ ሥር ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ዘርፍ ታስሮላቸው። ማዕዘኑ ላይ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ሄዶ ስለቀረ ሰው የሚያለቃቅስ አንድ ዘፈን ይወድ ነበርና ጧት ከፍቶት ማታ ይዘጋዋል፤ ከተማው በሙሉ ሳይወድ በግድ በቃሉ ያዘው። ከሱ ቀጥሎ በእግር መኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ ከዚያ ሻይ ቤት። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ስኳሩ ከሻዩ የበለጠ። የገጠር ሴቶች ከወገቡ የተሸበሸበ አረንጓዴ ቀሚሳቸውን በመቀነት ጠፍረው፣ ኮንጎ ጫማቸውን እንዳያልቅባቸው በእጃቸው ይዘው ይመጡና ከከተማው ጫፍ ወንዙ ላይ እግራቸውን ታጥበው ያደርጉታል። ዛሬ ያ ማዕዘን ላይ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ባለፈው ሳልፍ ልብስ ሰፊው የሚቀመጥበት ደረጃ ብቻ ቀርቶ አየሁት።

ክሊኒካችን ከዚያ ገባ ብላ ያለች፣ ለአካባቢው ሰው የተቋቋመች ትንሽ ቤት ነበረች። ሌሎቹ ክፍሎች መርፌ አላቸው፣ ሚዛን አላቸው፣ ደም የሚያዩበት መነጽር አላቸው። የኔ ክፍል ሁለት ወንበርና አንድ አግዳሚ ነበራት። ሥራዬ አእምሮው የታወከን፣ ሐዘን የጠናበትን፣ እንቅልፍ የከዳውን ሰው አነጋግሮ ማከም ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ባየኝ ቁጥር "ሲስተር፣ ዛሬ ስንት ኩንታል ወሬ አከምሽ?" ይለኝ ነበር። ገበሬውም አንድ ሰዓት ሙሉ አውርቶ፣ አልቅሶ፣ ቀለል ብሎት ሲነሳ "ታዲያ ሳትወጊኝ ልሂድ?" ይላል። አንዳንዱን ባዶ እጁን ከምሰድደው ብዬ "ጸበልዎን አያቋርጡ፣ ክኒኑንም እንደታዘዘው ይውሰዱ" እለዋለሁ። ከጸበል ጋር ተጣልቼ አላውቅም። የመጡት ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ደርሰው ነው የመጡት፤ እዚያም ቢሆን ሌላው ሰው ሲተኛ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣቸው ቄስ ነበረ።

የተቀጠርኩት ለትምህርቴ ብቻ አልነበረም፣ ለምላሴም ነው። አገውኛን ከእናቴ ጋር፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት፤ ቡሬ የመጣሁት የአስተማሪ ሚስት ሆኜ ነው። ከደጋው ወርደው ቆላ ያገቡ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ጤና ሲሆኑ አማርኛው እንደ ውሃ ይፈስላቸዋል፤ ገበያ ይከራከሩበታል፣ ከአማት ይጣሉበታል። ሲታመሙ ግን መጀመሪያ የሚጠፋባቸው እሱ ነው። ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ዝም ብለው ይመጡና፣ በሩን ዘግቼ በአገውኛ "እንዴት አደርሽ" ስላቸው ሳይቀመጡ ማልቀስ ይጀምራሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። መጽሐፉ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ብዙ ነገር ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ይኸው ነው፣ ሰው የሚያለቅሰው ጡት በጠባበት ቋንቋ ነው።

ማንጠግቦሽን ያመጧት ባሏ አያ ልየውና ልጇ ስመኝ ናቸው። አገራቸው ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። እኩያዬ ነበረች፤ ረጅም፣ ጠይም፣ እጆቿ የትልቅ ሥራ እጆች። "አትተኛም፣ እህል አትቀምስም፣ አማርኛ ከተናገረች ወር አልፏታል" አለኝ ወረቀት የጻፈላቸው የጤና ጣቢያ ሰው። እሷን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ልጠይቅ ስል አያ ልየው እጄን ያዘኝና ወደ ግቢው አወጣኝ። ዙሪያውን አይቶ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ጭንቅላቱ አዲስ የተላጨ ነበር።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ልጃችን ይበልጣል ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ነበር። ንዳድ ያዘው። እዚያው ቀበሩት።"

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እሷ መቼ ሰማች?"

"አልሰማችም። ለዚህ እኮ ነው የማስቸግርሽ። እንዳትነግሪያት።"

"ሌላው ሰው?"

"አገሩ ሁሉ ያውቃል። እሷ ብቻ ናት። መርዶው ሲመጣ እንቅልፍ አጥታ ነበር፣ እንዲህ ሁና ብንነግራት ትሞትብናለች ብለን አቆየነ። ስትድን እንነግራታለን።"

"አያ ልየው፣ ካልነገራችኋት አትድንም።"

"ካልዳነች ደሞ አንነግራትም" አለኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "እኔም አላለቀስኩለትም፣ እህቴ። በሬ ላጠጣ ብየ በረት እገባና እዚያ ነው የማነባ። አርባው ደርሷል። ተዝካሩን እንዴት አድርገን እናውጣ? ጠላው ሲጠነሰስ ለምንድን ነው ልትል ነው።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትሉ የለም እናንተው?"

"እሱ ለበሽታ ነው። መርዶ በሽታ አደለም።"

እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር የትም አገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ጭካኔ አይደለም፤ እንዲያውም ከፍቅር የመጣ ነው። አንድ መንደር በሙሉ አንዲትን ሴት እንዳትሞት ብሎ፣ ሐዘኑን በየሆዱ ይዞ፣ ደጇ ላይ እየሳቀ ያልፋል። ያ ሳቅ ነው ሲገድላት የነበረው። የኔም ሥራ ቢሆን ወሰን አለው፤ መርዶ የሚናገረው የንስሐ አባትና የአገር ሽማግሌ ነው እንጂ ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት አይደለችም። ባለቤቷ አትናገሪ ካለኝ መናገር አልችልም። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች አወራን።

ያወራነው ሁሉ በአገውኛ ነው፣ ዛሬ በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሲጀመር ስለ ላሞች ነበር። ከዚያ ስለ ደጋው፤ ስለ ቀርከሃው፣ ስለ ጉሙ፣ አባቷ ለበዓል ስለሚሸልመው ፈረስ። በአማርኛ ዝም ያለችው ሴት በአገውኛ ነገረኛ ነበረች፤ ታስቀኛለች። "አንቺ ቡሬ ወርደሽ ወፈርሽ፣ ደጋ ብትሆኚ እንዲህ አትሆኚም" ትለኛለች። ይበልጣልን ያሳደገችው እናቷ ናት፣ እዚያው ደጋ፤ ስለዚህ አገውኛው ንጹሕ ነበር። ስመኝን ግን የባሏ እናት ስላሳደገቻት አንድም ቃል አታውቅም። በቤቱ ውስጥ እሷና ይበልጣል ብቻ የሚያውቁት ቋንቋ ነበራቸው፤ ሌላው ሰው ፊት ሆነው አያ ልየውን ያሙታል፣ እሱም እየሰማ ይስቃል። "አሁን ቤቱ ውስጥ ሃያ ቃል ብናገር የሚመልስልኝ የለም" አለችኝ አንድ ቀን። እሱ ከሁመራ መቼ ይመለሳል ብላ ግን ጠይቃኝ አታውቅም። የቀረ ልጇን የማትጠይቅ እናት አይቼ ስለማላውቅ ይህ ነገር ከነከነኝ።

የካሴት ቤቱ ዘፈን በመስኮቱ ይገባ የነበረበት አንድ ጧት፣ በተማርንበት መንገድ ዙሪያውን እየሄድኩ "ሰዎቹ እንዴት ናቸው፣ ጎረቤቶችሽ ይጠይቁሻል?" አልኳት።

"ይመጣሉ" አለች። "በአጥሩ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። እስከ ደጃፌ ድረስ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይመጣሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ያቃኑታል። ገብተው ይስቁልኛል። ሲወጡ እንደገና ይዘቀዝቁታል። ባሌ ጸጉሩን ተላጨ። ቅማል ገባብኝ አለኝ። ባሌ ቅማል ኖሮበት አያውቅም።"

የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። "ታዲያ ምን ታስቢያለሽ?" አልኳት፤ ይህ የሙያችን ጥያቄ ነው፣ በአገውኛ ሲሆን ግን እንዴት ቀዝቃዛ እንደሆነ ያኔ ነው የሰማሁት።

"ምን አስባለሁ? ልጄ ሞቷል። አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ከግቢው ስትመለሺ ፊትሽ ነገረኝ።"

"ለምን አልጠየቅሻቸውም?"

መቀነቷን ፈታች፣ መልሳ አሰረችው።

"ብጠይቅ ይነግሩኛል። ከነገሩኝ ማልቀስ አለብኝ። ባለቅስ ማን ይቀበለኛል? አንዷ ታወጣለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፤ ልቅሶ እንዲህ ነው። እናቴ ሞታለች፣ እህት የለኝም። ያን ልጅ በአማርኛ ጠርቼው አላውቅም። በአማርኛ ባለቅስለት የማን ልጅ ነው ብሎ ነው የሚሰማኝ? በአገውኛ ባወጣ ደግሞ አገር ሁሉ አፉን ይዞ ያየኛል። ልጄን ብቻዬን አልቅሼ ከማላበቃው፣ ሳይነግሩኝ ልቆይ ብዬ ነው።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ባሏና መንደሩ እሷን የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። እሷ ደግሞ ልቅሶዋን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ጥናቱም፣ ሙያውም፣ ወሰኑም ይቅርብኝ አልኩና "እኔ እቀበልሻለሁ" አልኳት። ዓይኗን አንሥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችኝ። "ድምፅ አለሽ?" አለችኝ። "ለዘፈን የለኝም፣ ለልቅሶ ይበቃል" አልኳት።

ዶክተራችን ከሌላ አገር የመጣ ደግ ወጣት ነበር። ፈቃድ ስጠይቀው "ሲስተር፣ ሐኪም ልቅሶ አይቀመጥም" አለኝ። "ዶክተር፣ መርፌ ቢሆን ቤቷ ድረስ ሄጄ እወጋት አልነበር?" አልኩት። አሰበና "እንግዲያው እንደ መርፌ ቁጠሪው" ብሎ ፈረመልኝ። አያ ልየውን ማሳመኑ ግን ከበደኝ። እሷ እንደምታውቅ ሳላስፈቅዳት ልነግረው አልቻልኩም፣ የነገረችኝ ለኔ ነውና። "እሷ ፈቅዳልኛለች፣ አንድ ነገር ልንገርህ" ብዬ ኋላ አስፈቅጃት ስነግረው፣ ያ ትልቅ ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ይችን ሁሉ ቀን?" አለ። "ይችን ሁሉ ቀን ታውቅ ነበር? እኔ በረት ስገባም?" "በረት ስትገባም" አልኩት። የንስሐ አባታቸው ቀኑን ቆረጡ።

ጎህ ሲቀድ ነው መርዶ የሚነገረው፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን። ማንኩሳ አድሬ፣ ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ እያራሰው፣ ከሴቶቹ ጋር ሄድኩ። ማንም አያወራም። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ከልማዳቸው ነጠላቸውን ሊያቃኑ እጃቸውን አነሡ፣ ከዚያ አስታወሱና ተዉት። ማንጠግቦሽ ቤቷን ጠርጋ፣ ራሷን ሸፍና፣ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። የንስሐ አባቷ "ልጀ፣ ይበልጣል አርፏል፤ እግዚአብሔር የሰጠሽን ወሰደ" አሉ። እሷ ተነሣች። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ በአገውኛ አወጣች፤ "የእናቴን ቋንቋ ይዘህብኝ ሄድህ፤ ልጄ፣ አሁን ማን ይሰማኛል?"

ቤቱ ጸጥ አለ። እንዳለችው ነው፣ ሁሉም አፉን ይዞ አያት። የፈራችው ጸጥታ እሱ ነበር፤ ፊቷ ላይ ሲወጣ አየሁት። ያኔ ከሴቶቹ መሐል ወጥቼ ደረቴን መታሁና፣ ደጋ እናቶቻችን እንደሚሉት በአገውኛ ተቀበልኳት፤ "እሰማሻለሁ፣ እህቴ፣ እሰማሻለሁ!"

ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሌላ አወጣች፣ ተቀበልኳት። ሌላ አወጣች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለራሴ ሰው እንኳ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ ሴቶቹ ትርጉሙን ሳያውቁ የመጨረሻውን ድምፅ ከኔ እየያዙ አብረውኝ መቀበል ጀመሩ። ቆላው በሙሉ በአገውኛ አለቀሰላት። አያ ልየው ከበረቱ ሳይሆን ከቤቱ መሐል ቆሞ፣ የልጁን ስም እየጠራ፣ በአማርኛ አነባ። ስመኝ በሩን ተደግፋ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እኔን ታየኝ ነበር።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ማንጠግቦሽ ተኛች። ዳነች ልበል? እንቅልፏ ተመለሰ፣ እህል ቀመሰች፣ አማርኛውም ቀስ በቀስ መጣላት፣ ተዝካሩም ወጣ። ያቺ ባሏን የምታማ ነገረኛ ሴት ግን አልተመለሰችም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ክሊኒኩ ጎራ ትላለች፤ ለሕክምና ሳይሆን ለአገውኛ። ቃሪያ በቅጠል ጠቅልላ ታመጣልኛለች፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስለ ዝናቡ ታወራኛለች፣ ትሄዳለች። እንዲህ ዓመታት ተቆጠሩ። የሞተች ጊዜ እኔ ለሥልጠና ባሕር ዳር ነበርኩ። ስመኝ ናት ኋላ የነገረችኝ፤ ስትሞት አጠገቧ የነበረ ሰው የምትናገረውን አላወቀም። ይህን ስሰማ ከሙያዬ ሁሉ ያስከፋኝ እሱ ነው። ዛሬም ያስከፋኛል። ሰው ጆሮ በሌለበት አገር የመጨረሻ ቃሉን ተናግሮ መሄዱ፣ አይ!

ከቅዳሜ በኋላ እሁድ መጣ። ከቅዳሴ ተመልሼ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ቆየሁ። አልደወልኩም። ማንጠግቦሽ ለምን እንዳልጠየቀች በሙያዬ ገብቶኝ ነበር፤ በሥጋዬ የገባኝ ግን ያን እሁድ ነው። ካልጠየቅኩ አበቡ ገና አለች። ካልጠየቅኩ ኔትወርኩ ነው። ከጠየቅኩ ደግሞ ይነግሩኛል፣ ከነገሩኝ ማልቀስ አለብኝ፣ ከቡሬ መነኸሪያ እስከ ነቀምት መውጫ ድረስ ባወጣ የሚቀበለኝ የለም። አበቡ እናቴ ስትሞት ተቀብላኛለች፣ ባሌ ሲሞት ከደጋው ወርዳ ተቀብላኛለች። የምትቀበለኝ እሷ ነበረች፤ ለእሷ ሳወጣ ማን ይቀበለኛል? ሰኞ ዳዊት ደውሎ "ነገ ለሥራ ቡሬ እመጣለሁ" አለኝ። ልጄ የሚሠራው ባንክ ነው፤ ቡሬ ምን ሥራ አለው? "ና" አልኩት። ቤቴን ጠረግሁ፣ በርበሬውን አነሣሁ፣ ነጭ ቀሚሴን አጠብኩ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ብዙ እግር ሰማሁ፣ ድምፅ ግን የለውም። መርዶ እንዲህ ነው የሚራመደው፤ ማንኩሳ ጤዛው ውስጥ አብሬው ሄጃለሁና አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ዳዊት ገባ፤ ሌሊቱን ተጉዞ ዓይኑ አብጧል፣ ጸጉሩ ተላጭቷል። ኋላው ቄሱ፣ ውብዓለም፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ብዙ ሴቶች።

"እማ፣ ተቀመጭ" አለኝ።

"ተቀምጫለሁ፣ ልጄ።"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ትርንጎ፣ አንች ለስንቱ ስትናገሪ የኖርሽ ነሽ። ላንች ደሞ ምን ተብሎ ይነገራል? እህትሽ አበቡ አርፋለች።"

ለሰዎቹ ብዬ፣ ለልጄ ብዬ በአማርኛ ላወጣ ነበር። አፌ ግን አልታዘዘኝም። ተነሣሁና በእናቴ ቋንቋ አወጣሁ፤ "አበቡ፣ ተቀባዬ፣ ማን ላይ ጥለሽኝ ሄድሽ?"

ጸጥ አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ዳዊት አንገቱን ደፋ። ያ ጸጥታ መጥቶ ፊቴ ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ፤ ማንጠግቦሽ የፈራችው እሱ ነው፣ መጣልኝ አልኩ።

ከዚያ ከበሩ አጠገብ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ አንድ ድምፅ ተቀበለኝ። አገውኛው የተሰባበረ ነው፣ ዜማው ግን ደጋ ነው። በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት "እህቴ" ብላ ጠራችኝ፤ ያን ጧት እናቷ ቤት እንደሰማችው፣ ቃል ሳትለውጥ፣ ያን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራለች። ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያት አላውቅም።

"እሰማሻለሁ፣ እህቴ፣ እሰማሻለሁ!"

ስመኝ ናት፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ወደ እኔ መጣች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። እኔም እጆቼን ዘርግቼ ሁለተኛውን አወጣሁ።